ከቡሬ ዋሽንግተን ስንት ሰዓት ነው? አንድ ጥያቄና ያስከተላቸው መልሶች

ጥያቄውን የለጠፈው ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ የሚኖር የቡሬ ልጅ ነው። በኢንተርኔት የመወያያ መድረካችን ላይ «ዳሞቴ» በሚል ስም ይጽፋል። እናቱ ቪዛ ተሰጥቷቸዋል። ከአዲስ አበባ አልፈው አያውቁም፤ አውሮፕላን ያዩት በሰማይ ሲያልፍ ብቻ ነው፤ ከአማርኛ በቀር ሌላ ቋንቋ አይናገሩም። ልጁ ርቀት የሚያሰላ ገጽ ከፍቶ ሲያይ ከቦሌ እስከ ዋሽንግተኑ ደለስ አየር ማረፊያ 11,560 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ በረራውም 13 ሰዓት ያህል ሆኖ አገኘው። ትኬት የሚቆርጥለት ሰው ግን መሄጃው 17 ሰዓት ገደማ፣ መመለሻው 13 ሰዓት እንደሆነ ነገረው። የሚያገናኛቸው ከተሞች እነዚያው፣ አውሮፕላኑም ያው ከሆነ አራቱ ሰዓት የት እንደሚገባ ማወቅ ፈለገ። እናቱ ብቻቸውን ቢመጡ ይችሉት እንደሆነም ጠየቀ።

ክሩን፣ ማለትም የጥያቄውንና የመልሶቹን ተከታታይ፣ ያሞቀው ግን መጨረሻ ላይ ጣል ያደረጋት ነገር ናት። የልጁን የትምህርት ቤት ሉል አንሥቶ ከአዲስ አበባ እስከ ዋሽንግተን ሲባጎ ቢወጥርበት፣ ሲባጎው በጎጃም ላይ አለፈ። ጠጋ ብሎ በኮምፒውተር ሲያሰላው ደግሞ መስመሩ ቡሬን እየታከከ የሚያልፍ ሆነ። እናም እናቱ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ በአውቶቡስ ተንገላተው አዲስ አበባ የሚገቡት፣ ተመልሰው በገዛ ጓሯቸው ላይ ለመብረር ነው ሲል ደመደመ።

1ኛውና 2ኛው መልስ የእንኳን ደስ ያለህ ናቸው። ለእናቲቱ መልካም መንገድ ተመኙ፣ እመቤታችን ትከተላቸው አሉ፤ ስለ ሰዓቱ ግን አንድም ነገር አልተነፈሱም። በእኛ መድረክ ሁለት ምርቃት ሳይቀድም ቁም ነገር አይጀመርም፤ ቅር አይለኝም።

3ኛው ላይ «ግሽ» ገባ። ዳንግላ ያስተማረ፣ ጡረታ የወጣ የጂኦግራፊ መምህር ነው፤ ሁሉም ጋሼ ይለዋል። የሲባጎውን ነገር ደገፈና አብራራው። ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ካርታ ሲያዩት ዋሽንግተን ወደ ምዕራብ ናት፤ በሉሉ ላይ ግን አጭሩ መንገድ ከቦሌ ተነሥቶ ሰሜን ምዕራብን ይዞ ዓባይን ይሻገራል፣ ጎጃምን ያቋርጣል፣ በሱዳንና በሊቢያ አድርጎ የቱኒዚያን ጫፍ ይነካል፣ ሰሜን አልጄሪያን ያቋርጣል፣ ከዚያ ስፔንና ፖርቱጋል፣ ከዚያ አትላንቲክ። ቀጥሎም ማንም ያልጠየቀውን ሌላ ስሌት ጨመረ። ከባሕር ዳር እስከ ዋሽንግተን በቀጥታ 11,240 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ማለትም ባሕር ዳር ከአዲስ አበባ ይልቅ በ320 ኪሎ ሜትር ለዋሽንግተን ትቀርባለች። ከባሕር ዳር ቦሌ ደግሞ በአየር 330 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። ስለዚህ ከባሕር ዳር ተነሥቶ ቦሌ የሚሄድ ሰው፣ ያንን መንገድ ሙሉውን ለማለት ይቻላል፣ ወደ ኋላ እየተጓዘ ነው። ይህ ስሌት ብዙ ሰው አስገርሟል፤ እኔንም ጭምር።

4ኛው መላሽ «ደጀን በር» የሚባለው ነው፤ የሚያውቀው ያውቀዋል። አውሮፕላን ቀጥ ብሎ በቻድና በናይጄሪያ በኩል ወደ ምዕራብ እንደሚሄድ፣ ካርታ ላይ በማስመሪያ ማስመር ለማንም እንደሚበቃ፣ የሉልና የሲባጎ ጨዋታ የልጆች መሆኑን ጻፈ። ጋሼ ግሽ በ5ኛው ሳይቆጣ መለሰለት። ብርቱካን አምጣና ሁለት ነጥብ ምልክት አድርገህ በመካከላቸው ላስቲክ ወጥር፤ ላስቲኩ ራሱ አጭሩን መንገድ ይመርጥልሃል የሚል ሐሳብ ነው። ደጀን በር ብርቱካኑን ይሞክረው አይሞክረው አልታወቀም፤ ስለ ቻድ ግን ዳግመኛ አላነሣም።

6ኛው ስለ ነፋስ ነው። ከ10 ኪሎ ሜትር ከፍታ በላይ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍስ ብርቱ ነፋስ አለ፤ ጄት ስትሪም ይሉታል፤ በሰዓት ከ160 ኪሎ ሜትር በላይ የሚሮጥበት ጊዜ ብዙ ነው። ወደ አሜሪካ የሚሄድ ፊቱን ይመታዋል፣ ከአሜሪካ የሚመጣ ከኋላ ይገፋዋል። ልክ ነው። ግን በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር የሚበር አውሮፕላን ላይ ነፋስ ብቻውን አራት ሰዓት አይበላም፤ ጸሐፊው የተወሰነውን መልስ ይዞ ሙሉ አስመሰለው።

7ኛው መላሽ ደግሞ ነገሩን ሁሉ ወደ ገንዘብ አዞረው። አውሮፕላኑ ሲሄድ መንገድ ላይ የሚያርፈው ሰው ለመጫንና ትርፍ ለመልቀም ነው፤ እኛን እንደ ሚኒባስ በየፌርማታው ያቆሙናል ብሎ አማረረ። አሥራ ምናምን ሰው ወደደለት። ቁጣ ምን ጊዜም ወዳጅ አያጣም።

አሁን ወደ 8ኛው። ይህን ክር ለማንበብ ጊዜ የሌለው ሰው ይህችን ብቻ ቢያነብ ይበቃዋል። የጻፈው «ጮቄ» ነው፤ አውሮፕላን ጥገና ላይ የሚሠራ የሞጣ ልጅ። የአራቱ ሰዓት ምንጭ የቦሌ ከፍታ መሆኑን ነው ያስረዳው። ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ 2,334 ሜትር ላይ ተቀምጧል፤ ደለስ 95 ሜትር ላይ። በቦሌ ከፍታ አየሩ ከባሕር ዳርቻው አየር በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። አየሩ ሲሳሳ ክንፉ የሚደገፍበት ያንሰዋል፣ ሞተሩም ጉልበቱ ይቀንሳል። ስለዚህ አውሮፕላኑ ከመሬት ለመነሣት ከሌላው ቦታ ይበልጥ መፍጠን፣ ይበልጥም መንደርደር አለበት። መንደርደሪያው ግን 3,800 ሜትር ላይ ያልቃል፤ ጎማውም ከተወሰነ ፍጥነት በላይ አይችልም። የቀረው መላ ክብደት መቀነስ ነው።

ምን ይቀነስ? ሰውና ሻንጣ ገንዘብ የተከፈለበት ነው፤ ነዳጅ ግን መንገድ ላይ ይገኛል። ጮቄ ምሳሌ ያደረገው ቦይንግ 777-200ኤልአርን ነው። ጋኑ ሲሞላ 181,000 ሊትር ይይዛል፤ ይህ ወደ 145 ቶን ነው። አውሮፕላኑ ይዞ እንዲነሣ የሚፈቀድለት ትልቁ ክብደት 347 ቶን ነው። ጋኑ ሙሉ ከሆነ ከሚነሣው ክብደት አርባ ከመቶ በላዩ ነዳጅ ነው ማለት ነው። ስለዚህ ከቦሌ የሚነሣው ጋኑን ሳይሞላ ነው፤ ዝቅ ያለ ቦታ ላይ አርፎ ይሞላል። ያ ቦታ ባለፉት ዓመታት ሲለዋወጥ ቆይቷል፤ ሮም ነበረ፣ ደብሊን ነበረ፣ ሎሜም አለ። ሲመለስ ግን ከደለስ ጋኑን ሞልቶ፣ ነፋሱን ከኋላው አድርጎ ሳያርፍ ቦሌ ይደርሳል።

በደብሊን በኩል መሄድ መንገዱን የሚያረዝም ለሚመስለውም መልስ አዘጋጅቷል። ከቦሌ ደብሊን 6,365፣ ከደብሊን ዋሽንግተን 5,465 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሲደመር 11,830፤ ከቀጥታው የሚበልጠው በ270 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። ይህ ለአውሮፕላን ሃያ ደቂቃ አይሞላም። ሰዓቱን የሚበላው ለማረፍ መውረዱ፣ መሬት ላይ ነዳጅ መቅዳቱ፣ ሠራተኛ መቀያየሩ፣ እንደገና ተነሥቶ ከፍታ እስኪይዝ ያለው ጊዜና ያ 6ኛው መላሽ ያነሣው ነፋስ ነው። መንገደኛው አብዛኛውን ጊዜ ከወንበሩ አይነሣም፤ እናቲቱ መሬት ሲነኩ ደረስኩ ብለው ሻንጣ እንዳያወርዱ አስቀድሞ ይነገራቸው ሲልም መከረ። ሜክሲኮ ሲቲም 2,230 ሜትር ላይ ስለተቀመጠች አየር መንገዶች እዚያም በዚሁ ጣጣ ሲሰላቹ እንደኖሩ በመጨረሻ ጠቅሷል።

9ኛው መላሽ ሊይዘው ሞከረ፤ ከፍታው ይህን ያህል የሚከለክል ከሆነ ቤጂንግ ድረስ ሳያርፍ የሚበረው በምን ተአምር እንደሆነ ጠየቀ። ጥሩ ጥያቄ ነው። ጮቄ በ10ኛው በአጭሩ መለሰ፤ ቤጂንግ 8,300 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት፤ ለዚያ የሚያስፈልገው ነዳጅ ይነሣል፣ ለተጨማሪው ሦስት ሺሕ ኪሎ ሜትር የሚሆነው ነው የማይነሣው።

11ኛው ላይ ድባቡ ተበላሸ። ደጀን በር ተመልሶ መጣ፤ በዚህ ጊዜ ግን እውነት ይዞ ነው የመጣው። ሚያዝያ 2015 ዓ.ም. የሱዳን ጦርነት ሲፈነዳ የሱዳን ሰማይ ለመንገደኛ አውሮፕላን መዘጋቱንና ወደ ሰሜን የሚበረው ሁሉ ዞሮ ለመሄድ መገደዱን አስታወሰ። የሊቢያንም ሰማይ ብዙዎች እንደሚሸሹት ጨመረ። ስለዚህ ሉል ላይ የተወጠረው ሲባጎ ሰማይ ላይ አይሠራም። እዚህ ላይ ቢያቆም ኖሮ ምስጋና በተገባው። እሱ ግን ዳሞቴን ውጭ አገር ተቀምጦ በናፍቆት የሚቃዥ ብሎ ዘለፈው፤ የእናቱንም ነገር አነሣበት። አስተዳዳሪው ሁለተኛውን አንቀጽ ሰርዞ አስጠነቀቀው።

ዳሞቴ በ12ኛው የመለሰው ቀዝቀዝ ብሎ ነው። እሱ የተናገረው ስለ መስመሩ እንጂ አብራሪው ስለሚይዘው መንገድ እንዳልሆነ፣ የሱዳኑን ነገር ግን አለማሰቡን አልደበቀም። ስድቡን እንዳላየ አለፈው። የጎጃም ሰው ዝም ሲል አልሰማም ማለት አይደለም፤ ይህን ደጀን በርም አይስተውም።

13ኛዋ «ማርቆሴ» ናት፤ ደብረ ማርቆስ የምትሠራ ነርስ። እሷ ስትገባ ሁሉም ረጋ አለ። እናቲቱ በሰማይ ላይ አየር ያጥራቸዋል ብሎ ለሚሰጋ ልጅ ደስ የሚያሰኝ ነገር ይዛ ነው የመጣች። አውሮፕላኑ 11 ኪሎ ሜትር ላይ ቢበርም ውስጡ በአየር ግፊት ይጠበቃል፤ እንደ ቦይንግ 787 ባሉት አዳዲሶቹ ውስጥ ያለው አየር 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የሚተነፈሰው ዓይነት ነው። ይህ የባሕር ዳር ከፍታ ነው። ቡሬ ደግሞ 2,090 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እንግዲህ እናቲቱ በሰማይ ላይ የሚተነፍሱት አየር ከቤታቸው አየር የወፈረ ነው ማለት ነው። በአሮጌዎቹ አውሮፕላኖች ውስጥ እስከ 2,400 ሜትር ይደርሳል፤ እሱም ቢሆን ከደብረ ማርቆስ አይበልጥም።

የሚያስቸግረው ሌላ ነው አለች፤ ድርቀትና ለረጅም ሰዓት መቀመጥ። እግር ያብጣል፤ ደም እግር ውስጥ ሊረጋ ይችላል። ስለዚህ ውኃ ቶሎ ቶሎ መጠጣት፣ በየሁለት ሰዓቱ ተነሥቶ በመተላለፊያው ወዲያ ወዲህ ማለት፣ ተቀምጠውም ቁርጭምጭሚትን ማንቀሳቀስ። የግፊት ወይም የስኳር መድኃኒት ካለ በእጅ ቦርሳ እንጂ ሻንጣ ውስጥ እንዳይገባ። ጾም ከሆነ ደግሞ የጾም ምግብ ትኬቱ ሲቆረጥ ይታዘዝ፤ ካልሆነ እናት አሥራ ሰባት ሰዓት በሻይና በዳቦ ይቆያሉ፤ አምጡልኝም አይሉም።

14ኛውና 15ኛው ከዚሁ ላይ ወጥተው ጠፉ። አንዱ የማርቆስ ሰው አውሮፕላን ሲሳፈር ቁልቁል እንደወረደ ይቆጠራል ብሎ ቀለደ፤ የባሕር ዳሩ ደግሞ ስለ ማርቆስ ብርድ መለሰለት። ለእኔ ከቁጣው ይህ ይሻላል፤ ግን ለጥያቄው ምንም አልረባ።

16ኛው ስለ ሰዓት አቆጣጠር ነው፤ ይህም ከዋናዎቹ አንዱ ነው። ትኬት ላይ 22:30 የሚለው በእኛ ከምሽቱ 4:30 ነው፤ ይህን የማያውቅ ጥቂት ነው። ሰው የሚጠፋው 00:30 ሲሆን ነው። በፈረንጅ አቆጣጠር ቀኑ የሚለወጠው እኩለ ሌሊት ላይ ነውና፣ ትኬቱ ላይ 12ኛው ቀን፣ 00:30 ከተባለ፣ በእኛ አነጋገር ያ የ11ኛው ሌሊት 6:30 ነው። በእኛ ልማድ ሌሊቱ ያለፈው ቀን ጅራት ስለሆነ ብዙ ሰው 12ኛውን ቀን ሲሸኛኝ ውሎ ማታ ቦሌ ይሄዳል፤ አውሮፕላኑ ባለፈው ሌሊት ሄዷል። መላሹ አጎቱ በዚህ ምክንያት ሻንጣ ይዞ ከቦሌ ሲመለስ በዐይኑ እንዳየ ጻፈ። ቀጥሎ አደራረሱንም አሰላ። ከምሽቱ 4:30 ተነሥተው 17 ሰዓት ቢጓዙ አዲስ አበባ ከቀኑ 9:30 ይሆናል። ዋሽንግተን በበጋዋ ሰባት፣ በክረምቷ ስምንት ሰዓት ወደ ኋላ ናት፤ ስለዚህ እዚያ በእኛ አነጋገር ከጠዋቱ 2:30 ወይም 1:30 ነው። ልጁ ለመቀበል ከሥራ በፊት ይውጣ፤ እናቲቱም እዚያ ጠዋት ሲሆን የቡና ሰዓታቸው ማለፉን ይወቅላቸው።

ከ17ኛው እስከ 19ኛው ሻንጣ ነው። ሽሮውና በርበሬው ይለፍ፣ ግን ጉምሩክ ላይ ይነገር፤ ቋንጣ አያልፍም፤ ሥጋ ነውና ይወሰዳል፣ ደብቆ የተገኘም ይቀጣል። ማርና ቅቤ በእጅ ቦርሳ ከተያዘ እንደ ፈሳሽ ይቆጠራል፤ ከ100 ሚሊ ሊትር ካለፈ ፍተሻው ላይ ይቀራል። 18ኛው ሰው ስለ አረቄ ረጅም ታሪክ አወራ፤ አልደግመውም።

20ኛው የጋሼ ግሽ ነው፤ ከጮቄ ቀጥሎ የምወደው መልስ። ሁላችን ከቦሌ ጀምረን ስንቆጥር እሱ ከቡሬ መናኸሪያ ጀመረ። በደብረ ማርቆስ፣ በደጀንና በዓባይ በረሃ አዲስ አበባ ለመግባት 410 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ መንገዱ ሰላም ከሆነ ቀኑን ሙሉ ይወስዳል፤ የተዘጋ እንደሆነ ስንት ቀን እንደሚወስድ ማንም አያውቅም። ባሕር ዳር ግን 150 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት፤ ከዚያ በአውሮፕላን ቦሌ አንድ ሰዓት ነው። ወደ ኋላ መሄድ መሆኑን እሱ ራሱ በ3ኛው አሳይቶናል፤ ቢሆንም የሚሻለው እሱ ነው አለ። አንድ ማሳሰቢያ ጨመረ። የባሕር ዳሩም የዋሽንግተኑም በረራ በአንድ ትኬት ይቆረጥ። ተለያይቶ ከተቆረጠ የአገር ውስጡ በረራ የሚፈቅደው ኪሎ ያንሳል፤ የባሕር ዳሩ ቢዘገይና የዋሽንግተኑ ቢያመልጥም ኪሳራው የመንገደኛው ነው። በአንድ ትኬት ከሆነ አየር መንገዱ በሌላ በረራ የማሳፈር ግዴታ አለበት። ከደጅ እስከ ደጅ ሲቆጠር፣ ጥበቃውና ኢሚግሬሽኑ ተደምሮ፣ ከ30 ሰዓት በታች አይሆንም። ለዳሞቴ ጥያቄ እውነተኛው መልስ እሱ ይመስለኛል፤ 13ም 17ም አይደለም።

21ኛዋ እናቷን በቅርብ ያስመጣች ሴት ናት። ትኬት ሲቆረጥ ዊልቸር ይጠየቅ አለች፤ መራመድ አቅቷቸው ሳይሆን፣ ወንበሩን የሚገፋው ሰው ከአውሮፕላኑ በር እስከ ኢሚግሬሽን፣ ከኢሚግሬሽን እስከ ሻንጣ፣ ከሻንጣ እስከ ልጃቸው ድረስ ስለሚያደርሳቸው። የልጁ አድራሻና ስልክ በእንግሊዝኛ ተጽፎ ከፓስፖርቱ ጋር ይያዝ። 22ኛው ይህን ነውር ነው አለ፤ ጤነኛ ሰው የበሽተኛ ወንበር ላይ ተቀምጦ እውነተኛው አካል ጉዳተኛ ቆሞ ሲጠብቅ አይቻለሁ ብሎ ተቆጣ። ማርቆሴ በ23ኛው መካከለኛ መንገድ ፈለገች፤ ቋንቋ ለማይችል መንገደኛ ያለ ወንበር አጃቢ መጠየቅ እንደሚቻል፣ በቅድሚያ ማስመዝገብ ብቻ እንደሚበቃ አስረዳች። 22ኛው አልረካም። ነጥብ አለው፤ ግን ስድሳ ዓመት ያለፋቸውን እናት ደለስ ሰልፍ ላይ ብቻቸውን የማቆም ድፍረት እኔ የለኝም።

24ኛው ቢሾፍቱ አጠገብ የሚሠራው አዲሱ አየር ማረፊያ ይህን ሁሉ ችግር ያስቀረዋል ብሎ ተስፋ ሰጠ። ጮቄ ግማሹን ተቀበለው። ቢሾፍቱ 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ናትና ከቦሌ ይሻላል፣ አውሮፕላኑ ተጨማሪ ጭነት ይዞ ይነሣል፤ ያም ሆኖ 1,900 ሜትር ዛሬም ከፍታ ነው። ደጀን በር እዚህ ላይ ስለ ገበሬ መሬት አነሣ፣ ሌላው መለሰለት፣ ከ25 እስከ 31 ስለ በረራ የሚናገር አንድ ቃል የለም።

በ32ኛው ዳሞቴ ትኬቱን ከባሕር ዳር ጀምሮ በአንድ ላይ መቁረጡንና አጃቢ ማስመዝገቡን አሳወቀ። በ33ኛው አንድ አዲስ ገቢ ወደ ሜልቦርን ለምትሄድ አክስቱ ተመሳሳይ ስሌት እንዲሠራለት ጠየቀ፤ አስተዳዳሪው ሌላ ክር እንዲከፍት ነግሮት ይህኛውን ዘጋው።